አጥንት ይጠገናል፤ ሳንባ ግን አይጠገንም
(በሚኒያፖሊስ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕክምና ምርምር እንድንናገር በተጋበዝን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ኤኮኖሚክስ፣ ሕግና ኢንጂነሪንግ ለምንማረው ምን ያደርግልናል?» ሲሉ ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ በክንዱና በትከሻው ሠርቶ የሚያድር ነው። ክንዱ ቢሰበር፣ ጕልበቱ ቢዝል፣ ትንፋሹ ቢያጥር ቤተ ሰቡ በሙሉ ይራባል። እንግዲህ የሠራተኛው አካል በምን እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚድን መመርመር፣ ስለ ኤኮኖሚውም ስለ ሕጉም መመርመር ነው።

ዛሬ ስለ ሦስት የአካል ክፍሎች እንናገራለን፤ ስለ አጥንት፣ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ሳንባ። ሦስቱን አንድ ላይ ያነሣናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንት ሲሰበር ራሱን ይጠግናል። መገጣጠሚያ ሲጎዳ ግማሹ ይድናል፣ ግማሹ አይድንም። ሳንባ ግን በድንጋይና በማዕድን ብናኝ አንድ ጊዜ ጠባሳ ካወጣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ከአጥንት ተነሥተን ወደ ሳንባ በሄድን ቍጥር የሐኪሙ እጅ እያጠረ ይመጣል፤ የፋብሪካው ባለቤት፣ የሕግ አውጪው፣ የሠራተኛው ማኅበርና የተማረው ሰው ኀላፊነት ግን እየከበደ ይሄዳል። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ምሳሌዎቻችንን በመጀመሪያ የምናወጣው ከምንኖርባቸው ከሁለቱ መንትያ ከተሞች፣ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል፣ እንዲሁም ከአካባቢያቸው ነው፤ ከዚያም ወደ አገራችን እንመለሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ አጥንት

ቆዳ ሲቈስል ጠባሳ ይተዋል። አጥንት ግን በሚገባ ከተያዘ እንደ ገና አጥንት ይሆናል። ስብራቱ ባለበት ቦታ ደም ይረጋል፤ በረጋው ደም ውስጥ በመጀመሪያ ለስላሳ፣ ቀጥሎም ጠንካራ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩም በወራትና በዓመታት ውስጥ እየተላገ የቀድሞውን ቅርጽ ይይዛል። የእጅ አንጓ ስብራት በስድስት ሳምንት ገደማ ሲገጥም፣ የጭን አጥንት ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሐኪሙም ሆነ ወጌሻው አጥንቱን ራሱ አያድነውም፤ ቀጥ አድርጎ ይዞ ተፈጥሮ ሥራዋን እንድትሠራ ጊዜ ይሰጣታል እንጂ።

ይሁን እንጂ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን፣ ወይም በጀርባ ሕመም ምክንያት ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችን ማጋጠም ሲያስፈልግ፣ ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ከራሱ ዳሌ ጥቂት አጥንት ቈርሶ እዚያ ላይ ይተክላል። ይህ ሁለተኛ ቍስል ነው። ስለዚህ አጥንት እንዲበቅል የሚያደርግ ነገር ከሌላ ቦታ ማግኘት የብዙ ተመራማሪዎች ምኞት ነበር። በ1965 ማርሻል ዩሪስት የተባሉ የሎስ አንጀለስ ሐኪም፣ ኖራው በአሲድ የወጣለት አጥንት በእንስሳ ጡንቻ ውስጥ ሲቀበር በዚያ ቦታ አዲስ አጥንት እንደሚበቅል አሳዩ። በአጥንቱ ውስጥ ሌሎቹን ሕዋሳት «አጥንት ሁኑ» ብሎ የሚያዝ ፕሮቲን መኖሩ ከዚህ ታወቀ።

ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ዋና ሥራውን ከሚኒያፖሊስ በስተ ሰሜን ባለችው በፍሪድሊ የሚያካሂደው ሜድትሮኒክ የተባለ ኩባንያ ከዚህ ፕሮቲን ዓይነት አንዱን «ኢንፊውዝ» በሚል ስም ለታችኛው ጀርባ ቀዶ ሕክምና እንዲሸጥ ፈቃድ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ሁሉ አወደሱት። ስለ ጕዳቱ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ መድኃኒቱ ፈቃድ ባልተሰጠበት በአንገት ላይ ሲደረግ ለሕይወት የሚያሰጋ እብጠት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። በ2012 ደግሞ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የገንዘብ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት፣ ኩባንያው ከ1996 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ውስጥ ጥናቶቹን ለጻፉ ሐኪሞችና ከእነርሱ ጋራ ለተያያዙ ድርጅቶች፣ ለምክር፣ ለፈጠራ መብትና ለልዩ ልዩ ጉዳይ በሚል ወደ 210 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከፈለ፣ በጽሑፎቹም ዝግጅት እጁን እንዳስገባ ገለጸ። ኩባንያው በበኩሉ ጽሑፎቹን አላግባብ ለማጣመም አስቧል መባሉን አልተቀበለም።

በጎውንም መናገር ይገባል። ያው ኩባንያ በእጁ የነበረውን የታካሚዎች መረጃ ለዬል ዩኒቨርሲቲ አስረከበ፤ ዩኒቨርሲቲውም እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ ሁለት ቡድኖች ከመጀመሪያው እንዲመረምሩት አደረገ። በ2013 የወጣው ውጤት፣ መድኃኒቱ ከታካሚው ዳሌ ከሚወሰደው አጥንት ይህን ያህል የሚበልጥ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። እንግዲህ የዩሪስት ግኝት ሐሰት አልነበረም። የተበላሸው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ገንዘብ የገባበት መንገድ ነው። መንገዱም የጠራው መረጃው ለሌላ ሰው ዓይን በተከፈተ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በገጠር አጥንቱ የተሰበረ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ የሚጠይቀውም ዋጋ ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜም ስብራቱ ይገጥማል፤ ከላይ እንዳልነው አጥንት ራሱን ይጠግናልና። አደጋው ከአጥንቱ ሳይሆን ከማሰሪያው ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያብጣል፤ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጠብቆ የታሰረ እንደ ሆነ እብጠቱ መውጫ ያጣና የደም ሥሮቹን ይጫናቸዋል። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቍራሉ፤ በመጨረሻም ሥጋው ሞቶ እግሩ ይቈረጣል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ነው።

ይህን ለመከላከል የሚሊዮን ዶላር መድኃኒት አላስፈለገም። በኢትዮጵያ ተደርጎ በ2005 በታተመ አንድ ጥናት፣ ወጌሾች ተሰብስበው ለአንድ ቀን ብቻ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ማሰሪያውን እንዲያላሉ፣ የጣቶቹን ቀለምና ሙቀት እንዲመለከቱ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣበትን ሰው ፈጥነው ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመቶች በወጌሻ ማሰሪያ ምክንያት የተቈረጡት እግሮችና እጆች ቍጥር ከቀድሞው ከግማሽ በታች ወረደ። የአንድ ቀን ትምህርት ነው! ይህም ሳይንስ ነው፤ ጥያቄው ከሕዝቡ ጕዳት ተነሣ፣ መልሱም ወደ ሕዝቡ ተመለሰ።

፪፤ መገጣጠሚያ

በመገጣጠሚያ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ልባስ የደም ሥር የለውም፤ ደም የማይደርስበት አካል ደግሞ ራሱን የሚጠግንበት ስንቅ የለውም ማለት ነው። ጅማቱም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚድን። ስለዚህ ጕልበቱን የተጎዳ ሰው ሕመሙ ለጊዜው ቢቀንስለትም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ መገጣጠሚያው ያለ ዕድሜው ሊያረጅበት ይችላል። ከዚህም ሌላ መገጣጠሚያ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከታሰረ ይደርቃል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ለዓለም በማስተማር ረገድ ሚኒያፖሊስ ትልቅ ስም አላት። በ1940 ሲስተር ኤልሳቤጥ ኬኒ የሚባሉ አውስትራሊያዊት አስታማሚ ወደዚህ ከተማ መጡ። እኒህ ሴት በአገራቸው ገጠር እየዞሩ ሕሙማንን ሲያስታምሙ የኖሩ ናቸው እንጂ የሕክምና ዲፕሎማ አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ በፖሊዮ የተያዘ ሕፃን እግሩ በጀሶና በብረት ታስሮ ለወራት እንዲተኛ ይደረግ ነበር። ኬኒ ግን ማሰሪያውን አውልቀው በሙቅ ውኃ በተነከረ ሱፍ ጡንቻውን ይጠቀልላሉ፤ መገጣጠሚያውን በእጃቸው ቀስ እያደረጉ ያንቀሳቅሳሉ። በሌሎች ከተሞች ብዙ ሐኪሞች አልሰማ ብለዋቸው ነበር። በሚኒያፖሊስ ግን ዶክተር ዋላስ ኮል፣ ዶክተር ሚላንድ ናፕና ዶክተር ጆን ፖል «እስቲ ይሥሩና እንመልከት» አሉ። ተመለከቱም። በዲሴምበር 1942 በስማቸው የሚጠራ ተቋም በዚሁ ከተማ ተከፈተ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኬኒ ስለ በሽታው አመጣጥ የሰጡት ማብራሪያ ልክ አልነበረም፤ ፖሊዮ በአከርካሪ ውስጥ ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት የሚገድል ቫይረስ እንጂ የጡንቻ መኮማተር ብቻ አይደለም። የእጃቸው ሥራ ግን ትክክል ነበር። ሁለተኛ፣ እውነቱን ከስሕተቱ ለመለየት ያስቻለው፣ የተማሩት ሰዎች ያልተማረችውን ሴት ሳይንቁ ሥራዋን በዓይናቸው አይተው መመዘናቸው ነው። ወጌሻን በጅምላ የሚያወግዝና ወጌሻን በጅምላ የሚያመሰግን ሁለቱም ይህን ድካም ሳይደክሙ ነው የሚፈርዱ።

መገጣጠሚያን የሚጎዳው ግን በሽታ ብቻ አይደለም፤ ሥራም ይጎዳዋል። ከሚኒያፖሊስ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በሻኮፒ የአማዞን ትልቅ መጋዘን አለ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው። ሥራው ማንሣት፣ ማጐንበስ፣ መዞር፣ እንደ ገና ማንሣት ነው፤ ፍጥነቱንም የሚለካው መሣሪያ ነው። ኩባንያው ራሱ ለመንግሥት ባቀረባቸው መረጃዎች ላይ ተመሥርቶ በ2021 የወጣ አንድ ስሌት፣ ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በሚኒሶታ የአማዞን መጋዘኖች በየዓመቱ ለዘጠኝ ሠራተኞች አንድ ጕዳት ይደርስ እንደ ነበረ አሳይቷል።

ሠራተኞቹ ይህን ስሌት እስኪያነቡ አልጠበቁም። ትከሻቸውና ወገባቸው ቀድሞ ነግሯቸዋል። በዲሴምበር 2018 ሰልፍ ወጡ፤ በጁላይ 2019 በኩባንያው ታላቅ የሽያጭ ቀን ሥራ አቆሙ። በ2023 የሚኒሶታ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ አሠሪው የሚጠይቀውን የሥራ መጠን ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ የሥራው መጠንም ከምግብ፣ ከዕረፍትና ከጸሎት ጊዜ የሚያግድ እንዳይሆን አዘዘ። የጕዳቱ ቍጥር ከተመሳሳይ ሥራዎች አማካይ በ30 ከመቶ የበለጠ እንደ ሆነም መንግሥት እንዲመረምር ደነገገ። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንግሊዝኛ እየተማሩ ነው ሕግ ያወጡት ማለት ይቻላል። ቀዶ ሐኪም ሊጠግነው የማይችለውን መገጣጠሚያ እነርሱ ሳይጎዳ ለመጠበቅ ሞከሩ።

በአገራችንስ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት ሴቶች፣ በገበያ ጆንያ የሚሸከሙት ወጣቶች፣ በሽሮ ሜዳ በጕድጓድ ውስጥ እግራቸውን አድርገው ሲሸምኑ የሚውሉት ሰዎች፣ የጕልበታቸውና የወገባቸው ዕድሜ ስንት ነው? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት የማይሆን ነገር ነውን?

፫፤ ሳንባ

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። የድንጋይ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ሲገባ፣ የሳንባው ጠራጊ ሕዋሳት ሊውጡት ይሞክራሉ። ሊፈጩት ግን አይችሉም። እነርሱ እየሞቱ በዙሪያቸው ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳ ደግሞ አየር አያስተላልፍም። አስቤስቶስ የሚባለው እንደ ክር የቀጠነ ማዕድን ከዚህም የከፋ ነው፤ የሳንባውን ስስ ሽፋን የሚይዘውን ሜሶቴልዮማ የተባለ ነቀርሳ ያመጣል። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ብናኙ ከተነፈሰ ከ20 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በኋላ ነው የሚታየው። ገዳዩና ሟቹ የሚገናኙት አንዱ ከረሳ በኋላ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ፣ የሠራተኞች መኖሪያ በሆነ ሰፈር መካከል፣ ከ1938 እስከ 1989 ድረስ አንድ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ከሞንታና፣ ሊቢ ከተባለች ከተማ የሚመጣ ቬርሚኩላይት የሚባል ድንጋይ ያግላል፤ ድንጋዩ እንደ ፈንዲሻ ይፈካል፤ የፈካውም የቤት ሙቀት ለመጠበቅ በጣራ ሥር ይደረጋል። የሊቢ ድንጋይ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነበር። ከሥራው የተረፈው ኮረት በፋብሪካው ደጅ ይከመርና የፈለገ ሰው በነጻ ይወስደው ነበር። ሰዎች ለግቢያቸውና ለአትክልታቸው ወሰዱት፤ ልጆች በክምሩ ላይ ወጥተው ይጫወቱ ነበር። የሊቢ ጕዳይ በ1999 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ መንግሥት ከ2000 ጀምሮ በዚያ ሰፈር በመቶ የሚቈጠሩ ግቢዎችን አፈር አስነሣ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የ461 የሰፈሩን ሰዎች የደረት ራጅ ተመልክተው ከመቶ 11 በሚጠጉት ላይ የሳንባ ሽፋን ጠባሳ አገኙ። የተጠኑት በፋብሪካው የሠሩ አልነበሩም። በክምሩ ላይ የተጫወቱት ልጆች፣ አሁን የጐለመሱ ሰዎች፣ ከሌሎቹ የበለጠ ምልክቱ ታየባቸው።

ከሁለቱ ከተሞች በስተ ሰሜን ሜሳቢ የሚባለው የብረት ማዕድን ተራራ አለ። ታኮናይት የሚባለው ድንጋይ እዚያ ተቈፍሮ ይፈጫል፤ አሜሪካ መኪናዋንና ድልድይዋን የሠራችበት ብረት አብዛኛው ከዚያ ወጥቷል። ከዚህ ድንጋይ ከብረቱ ተለይቶ የሚቀረው ጭቃ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ቶን እየሆነ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ይጣል ነበር። በ1973 የዱሉዝ ከተማ ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ አስቤስቶስ የመሰለ ክር ተገኘ። በአፕሪል 1974 ዳኛ ማይልስ ሎርድ ፋብሪካው ሥራ እንዲያቆም አዘዙ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በሁለት ቀን ውስጥ ትእዛዙን አገደው። ጭቃውን ወደ ሐይቁ መጣል የቆመው በ1980 ነው።

የማዕድኑ ሠራተኞች ሳንባስ? የሚኒሶታ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ቀድሞ ከታወቁት 17 ሰዎች ሌላ 35 የማዕድን ሠራተኞች በሜሶቴልዮማ መያዛቸውን በ2006 ዐወቀ። ለሕዝብ የተናገረው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በ2007 ነው። የማዕድኑ ሕዝብ ተቈጣ፤ የመሥሪያ ቤቱም ኀላፊ በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እዚህ ግን በሽታውን የደበቀው በሽተኛው አልነበረም።

ከቍጣው በኋላ በ2008 የሚኒሶታ ምክር ቤት ለዩኒቨርሲቲው 4.9 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ሠራተኞቹና ማኅበራቸው የጠየቁት ጥናት ተጀመረ። ጥናቱ ሊደረግ የቻለው ግን በዚያ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመቶች ዩኒቨርሲቲው ከ68,000 በላይ የሆኑ የማዕድን ሠራተኞችን ስም፣ የሥራ ቦታና የሥራ ዘመን መዝግቦ ስለ ነበር ነው። በ2014 በቀረበው ሪፖርት መሠረት ሜሶቴልዮማ በእነዚህ ሠራተኞች ላይ ከሚጠበቀው 2.4 እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ፤ በታኮናይት ሥራ ላይ የተቈጠረ እያንዳንዱ ዓመትም አደጋውን በ3 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ጕዳቱ ከድንጋዩ ብናኝ ይሁን ወይም በፋብሪካዎቹ ውስጥ ይሠራበት ከነበረው ከሌላው አስቤስቶስ፣ ጥናቱ ቈርጦ አልፈረደም። ቈርጦ አለመፍረዱንም አልሸሸገም፤ ውጤቱንም እዚያው ማዕድኑ አጠገብ ሕዝቡን ሰብስቦ ነገረ።

በአገራችን የዚህ ዓይነት ጥናት ከቶ የለም ብለን እንዳናማርር! በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፤ ማክሰኞ ይሻለዋል። ከዓመታት በኋላ ግን ሕመሙ ሰኞን አልፎ ሳምንቱን ሁሉ ይይዛል። ይህ ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ ነው። በ1991 የታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ ተፈትቶ በሚነፋበት ክፍል ከመቶ 43፣ በሚበጠርበት ክፍል ከመቶ 37 ያህሉ በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳየ። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ባለ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ድንጋይ በሚፈጭበት ክፍል በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 38.6 ሚሊግራም አቧራ፣ በጥበቃ ሠራተኞች ዘንድ ግን 0.4 ሚሊግራም ብቻ ለካ። አቧራ የሚበዛባቸው ሠራተኞች ትንፋሽ ጧት ሥራ ሲጀምሩ ከነበረው ማታ ሲጨርሱ ቀንሶ ተገኘ።

ጥናቶቹ መልካም ናቸው። የተጻፉት ግን በእንግሊዝኛ፣ የታተሙትም በውጭ አገር መጽሔቶች ነው። ጥጥ የምታበጥረዋ ሴት የራሷ ደረት ስለ ተለካበት ነገር በምን ቋንቋ ትስማ? ከሜሳቢ ሠራተኛ ጋራ የሚለያያት የሳንባዋ አሠራር አይደለም፤ መልሱ ወደ እርሷ አለመመለሱ ነው።

፬፤ ምን እናድርግ?

አንዳንዶች፣ «አገራችን ደሃ ናት፤ መጀመሪያ ፋብሪካው ይብዛ፣ ሥራ ይገኝ፤ የአቧራው ነገር በኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሥራ ያጣውን ወጣት አይተው ነው። ነገር ግን ሒሳቡን አላሰሉትም። ዛሬ 20 ዓመት የሆናት ልጅ የምትተነፍሰው ብናኝ ዋጋውን የሚጠይቃት 50 ዓመት ሲሆናት ነው። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ስሙን ለውጦ ወይም ተዘግቶ ይሆናል፤ ዕዳው ግን በእርሷ፣ በልጆቿና በመንግሥት ሆስፒታል ላይ ይወድቃል። ርካሽ የተባለው ሥራ በብድር የተገዛ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ አራት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሕክምና፣ ሕዝብ ጤና፣ ኢንጂነሪንግና ሕግ የምንማር ሁሉ፣ ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን ቢያንስ አንዱን በአገራችን ሠራተኛ አካል ላይ በሚደርስ ጕዳት ላይ እናድርግ። ርእሱን ከመምረጣችን በፊትም ሥራውን የሚሠራውን ሰው እንጠይቅ።

ሁለተኛ፤ ለወጌሾች፣ ለጥጥና ለሲሚንቶ ሠራተኞች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች አጫጭር መጽሐፎች እናዘጋጅ። የወጌሻው መጽሐፍ ከአራት ገጽ ባይበልጥ ይሻላል፤ ማሰሪያ እንዴት እንደሚላላ፣ ጣት ሲጠቍር ምን እንደሚደረግ በሥዕል ያሳይ።

ሦስተኛ፤ መዝገብ። የሜሳቢን እውነት ያወጣው ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ መዝገብ ነው። በ2016 ሥራ እንደ ጀመረው እንደ ሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉት አዳዲስ የሥራ ቦታዎች፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ የሠራበት ክፍልና ዘመን፣ የመጀመሪያ ቀን የትንፋሹ መጠን ተጽፎ ለ40 ዓመት እንዲጠበቅ እንከራከር። ይህ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ ትንሽ የትንፋሽ መለኪያና ሐቀኛ ጸሓፊ ይበቃል።

አራተኛ፤ አቧራውን ከምንጩ መግታት። እዚሁ ሴንት ፖል አጠገብ ያለው ስሪ ኤም ኩባንያ በ1972 አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የመጀመሪያውን የአቧራ መከላከያ ጭምብል አስፈቅዷል፤ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ነገር ግን ጭምብል የመጨረሻው ምሽግ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን በውኃ ማራስ፣ ማሽኑን መክደን፣ ብናኙን በመሳቢያ መምጠጥ ይቀድማል። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ እንዲሰጥና ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ሕጉ ተጽፏል፤ የሚያነብበትና የሚያስፈጽመው ሰው ነው የሚፈለገው። ሕግ የምትማሩ ጓደኞቻችን፣ «ምን ያደርግልናል?» ላላችሁት ጥያቄ እነሆ መልሱ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከመካከላችን ወደ አገሩ የሚመለስም፣ እዚህ የሚቀርም ይኖራል። በዚያ ላይ ዛሬ አንከራከርም። ነገር ግን ማንም የትም ይሁን፣ በሚሠራው ምርምር ላይ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቅ እንለምናለን፤ ይህን ጥያቄ ያነሣው ማን ነው? መልሱስ ለማን ይደርሳል? የተሰበረውን አጥንት ተፈጥሮ ትገጥመዋለች። ሳንባውን ግን የሚጠብቀው አስቀድሞ የቈጠረ፣ አስቀድሞ የተናገረና አቧራውን አስቀድሞ የገታ ሰው ብቻ ነው።